ዋስ ፍለጋ የተሸከምሁት ድንጋይ

እስከዚያ ክረምት ድረስ ወንድ ፊት እህል በልቼ አላውቅም። አባቴ ፊት እንኳ ወደ ግድግዳ ዞሬ ነበር የምጎርሰው። ስለዚህ የገጠመኝን ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ልጀምርላችሁ።

ሰኔ ነው፤ ላሊበላ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለታሰረው ወንድሜ ለካሴ እንጀራና ሽሮ በሳህን ቋጥሬ ይዣለሁ። ተረኛው ፖሊስ ቋጠሮውን ፈታና ሳህኑን መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

«ቅመሽ» አለኝ።

«የእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ። ያመጣው ሰው ሳይቀምስ ምግብ አይገባም። ለሁሉም እንደዚሁ ነው።»

ከኋላዬ ስንቅ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። አንዷ «ኧረ ቅመሽ እናትዓለም፣ የእኛም እየቀዘቀዘ ነው!» አለች። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁና ከጠርዙ ትንሽ ቆርሼ ጎረስሁ። አልወርድ አለኝ። ፖሊሱ ጉሮሮዬን እያየ ጠበቀ። እንደምንም ስውጠው እንባዬም አብሮ ወረደ።

«በርበሬው በዝቶበታል መሰለኝ» አለ ፖሊሱ። ለማጽናናት ነበር። እኔ ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ገነተ ማርያም አጠገብ ካለች መንደር ነኝ። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስሁ እናቴ ስለሞተች ትምህርቴን ተውሁ። በኋላ ላሊበላ ወርጄ አንድ ትንሽ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንሁ። ሥራውን ወድጄው ነበር፤ አንሶላ አያናግርም። እንግዶቹ ሰላም ሲሉኝ ባልዲዬን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር።

የካሴን መታሰር የነገረችኝ ቅዳሜ ገበያ የመጣች የመንደራችን ሴት ናት። ካሴ ከምስጋናው ጋር ተጣልቷል። ምስጋናው የማሳ ጎረቤታችን የአያ በላይ ልጅ ነው። ሲያርሱ ድንበር ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባብለው ካሴ በዱላ መታው። ክንዱ ተሰበረ፤ ግንባሩም ተፈነከተ። ካሴ ሸሽቶ ጫካ አልገባም፤ በራሱ እግር መጥቶ እጁን ሰጠ።

ምግቡን ካስገባሁ በኋላ ከሽቦው ወዲያና ወዲህ ሆነን ትንሽ እንድንነጋገር ፈቀዱልን።

«እውነት መታኸው?» አልሁት።

«መታሁት።»

«ካሴ!»

«መታሁት አልሁሽ እኮ። ምን ልበል?» ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «ክንዱ ይድናል አሉ?» አለኝ።

ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው የሐኪሙን ወረቀት አይተው፣ ጉዳቱ ለተጎጂው ሕይወት አስጊ ስላልሆነ በዋስ ይውጣ አሉ። ይውጣ ሲሉ ስለሰማሁ አብሮኝ ቤት የሚሄድ መስሎኝ በር ላይ ጠበቅሁት። ፖሊሶቹ ግን ይዘውት ተመለሱ። ግራ ሲገባኝ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ወደሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አልሁ። ብዙ ቆምሁ እንጂ አልተናገርሁም።

«ምነው፣ ዝናብ ነው የምትጠለይ ወይስ ጉዳይ አለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይውጣ ብለውት ነበር። ለምን መለሱት?»

«ዋስ አለው?»

«ዋስ ምን ያስፈልገዋል?»

«ሰው ነዋ የሚያስፈልገው! ሰው አላችሁ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ፤ ዳኛው ነፃ ነህ አላሉትም። ክሱ እንዳለ ነው። በቀጠሮው ቀን መቅረቡን የሚያረጋግጥ ሰው ያምጣ ነው ያሉት። ጥሬ ገንዘብ ማስያዝም ይቻላል፤ እናንተ ግን የሚቀላችሁ የሰው ዋስ ነው። መሬት ወይ ደመወዝ ያለው ሰው ትፈልጊያለሽ። ከቀበሌው ነዋሪነቱንና ይዞታውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፍና መታወቂያውን ይዞ እዚህ ይመጣል። ቢጠፋ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ ይፈርማል። ያን ጊዜ የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፍልሻል። መፍቻውን ጣቢያ ስታደርሺ ይለቁታል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እኔ ብሆንስ?»

«ምን አለሽ?»

«አንሶላ አጥባለሁ።»

«የአንሶላው ባለቤት ብትሆኝ ኖሮ ጥሩ ነበር» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። «እስከ ዓርብ አምጪ። ከዚያ ካለፈ ወደ ወልድያ ማረሚያ ቤት ያወርዱታል። ከወልድያ ለቀጠሮ ሲመላለስ ክረምቱ ያልቃል።»

ክረምቱ ያልቃል ሲሉኝ ያሰብሁት ማሳችንን ነው። አባቴ ሳንባውን ታሞ ከተኛ ቆይቷል። በሬ የሚጠምድ ካሴ ብቻ ነው። የገብሱ ማሳ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ዘር እየጠበቀ ነበር። ካሴ ወልድያ ከወረደ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ለከርሞ እኛም እንደዚሁ።

ማክሰኞ ማለዳ የካሴን ስንቅ ለፔንሲዮኗ ወጥ ሠሪ አደራ ብዬ ወደ መንደሬ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አጎቴ ወደ አያ ጌጡ ነው። የእናቴ ወንድም ነው፤ ካሴን ከልጁ ለይቶ አያየውም። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ።

«ለመፈረም እጄ አያጥርም» አለኝ። «ግን ምስጋናው ክንዱን አስሮ ተኝቶ ሳለ እኔ የካሴ ዋስ ብሆን አያ በላይ ምን ይላል? ጌጡ ከመቺው ጎን ቆመ ነው የሚለው። ልጄ የአያ በላይ የወንድም ልጅ ሚስት ናት። ነገ ጓዟን ጠቅልላ ብትመጣ አንች ትመልሽልኛለሽ?»

«አይ።»

«እንግዲያውስ አታስቸግሪኝ፣ ልጄ።» ይህን ሲል ፊቱን አዞረ። ማልቀሱ ነው መሰለኝ።

ከእሱ ወጥቼ ሌሎች ደጆች ቆምሁ። አንዱ አሞኛል አለ። አንዷ ባሌ የለም አለች፤ ባሏ ከጓዳ ሲያስነጥስ እሰማለሁ። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የንስሐ አባታችንን አገኘኋቸው። መስቀል ከተሳለምሁ በኋላ ጎንበስ እንዳልሁ ነገርኋቸው።

«የሁለቱም ቤት ንስሐ አባት ነኝ» አሉኝ። «የአንዱ ዋስ ሆኜ የሌላውን ኑዛዜ በምን ፊቴ እቀበላለሁ? ቁስሉ ይሻር፤ ከዚያ ሽማግሌ እንልካለን።»

«አባ፣ ቀኑ ዓርብ ነው እኮ።»

«እርቅ እንደ ፍርድ ቤት ቀን አይቆረጥለትም፣ ልጄ።»

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ፍርድ ቤትን አልፈራም። ካሴ ይጠፋል ብሎ የሰጋም የለም። ሁሉም የፈሩት የአያ በላይን ቅያሜ ነው። የወንድሜ በር ላሊበላ ጣቢያ ላይ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የተዘጋው እዚሁ ነው፣ ከቤታችን ማዶ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «አውርድ» ካለው ይቅር ብሎታል ማለት ነው። ካላለው እንደተሸከመ ይቆማል። ብቻውን ግን አይሄድም፤ ሽማግሌና ካህን ከፊቱ ይቀድማሉ። ሴት ልጅ፣ ያውም ብቻዋን፣ ስትሸከም አላየሁም። ረቡዕ ጠዋት ድንጋይ ልሸከም ነው ብዬ ለአባቴ ስነግረው ከተኛበት ቀና አለ።

«ሥርዓት አለው! ሽማግሌ ሳይቀድም ያዋርዱሻል...» ሳሉ ያዘው። ሳሉ ሳይለቀው ወጣሁ። እስኪለቀው ብጠብቅ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ድንጋዩን ከወንዙ ዳር አነሳሁት። ትንሽ ቢሆን ያላገጥሁባቸው እንዳይመስላቸው ብዬ ትልቁን መረጥሁ። ዳገቱን ስወጣ አንገቴ የሚቀነጠስ መሰለኝ። የአያ በላይ አጥር በር ጋ ደርሼ ቆምሁ።

መጀመሪያ የወጣው ራሱ አያ በላይ ነው። ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። መቆፈሪያውን በትከሻው ይዟል። አየኝ፤ ድንጋዩን አየ። ድንጋይ የተሸከመ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ ሰላምታ አይሰጥም፤ እኔ ግን ደንግጬ «እንዴት አደራችሁ» አልሁ። በአጠገቤ አልፎ ወደ ማሳው ወረደ።

ከቤት ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ሚስቱ እትየ ዘነቡ ብቅ አሉ።

«ድንጋይ ተሸክሞ እንዴት አደራችሁ! ይኼን ከማን ተማርሽው?»

ከኋላዬ መንገዱን አሻግረው አዩ።

«ሽማግሌዎችሽ የታሉ?»

«የሉም።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

ከውስጥ የምስጋናው ድምፅ መጣ። «እማ፣ ማን ናት?»

«የካሴ እህት።»

«ያች የማትናገረዋ?»

«ዛሬ ተናግራለች» አሉ እትየ ዘነቡ። ከዚያ ወደ እኔ ሲጠጉ ድምፃቸው ተለወጠ። «ስሚ አንች ልጅ። ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው። አንች ምን በደልሽን? ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ካሴ በእህቱ ጫንቃ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው? ወንድ አይደለም?»

ድንጋዩ ስለከበደኝ ይሁን፣ ፊታቸውን ስለማላይ ይሁን አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም፣ እትየ። እሱ የካሴ ነው፤ ራሱ ይጠይቃችሁ። እኔ የመጣሁት ዋስ አጥቼ ነው። ሰው ሁሉ እናንተን ፈርቶ ነው እምቢ ያለኝ። ካሴን ይቅር በሉት አልልም። የሚፈርምለት ሰው ካገኘሁ ብቻ በዚያ ሰው እንዳትቀየሙ ነው የምለምናችሁ። ሌላ ምንም።»

በሕይወቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። እትየ ዘነቡ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔም ቆምሁ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የነበረው ደመና ወርዶ ዝናቡን ለቀቀው። ውኃው ከድንጋዩ ላይ በአንገቴ እየገባ በጀርባዬ ይወርዳል። ድንጋዩን ጥዬ ልሩጥ አልሁ፤ ግን ከጣልሁት በኋላ ወዴት እሄዳለሁ? ዓርብ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል።

አያ በላይ በስብሶ ተመለሰ። አሁንም የሚያልፈኝ መስሎኝ ነበር። ቆመ።

«ማሳችሁን አየሁት» አለ። «ለስልሷል። ዘር አልተዘራበትም።»

«አዎ አያ፣ አልተዘራም።»

«የልጄም ማሳ አልተዘራም። እሱ ክንድ የለው፤ እኔም ሁለት ቤት የማርስ ጉልበት የለኝ።» በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ ተጣራ። «ዘነቡ! ያ ልጅ ወልድያ ቢወርድ ምን እናገኛለን?»

«ያንገብግበውና!» አሉ እሳቸው ከውስጥ።

«እሱስ ይንገብገብ። ገብሱን ማን ይዘራልናል ነው የምልሽ?»

አያ በላይ ወደ እኔ ዞረ። አውርጅ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። ቃሉን አላወጣትም። ሁለት እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከጫንቃዬ ራሱ አነሳውና ከአጥሩ በር ጎን አስቀመጠው።

«አውርጅ አላልሁሽም፤ ልብ በይ» አለኝ። «ይኼ እዚህ ይቆያል። ባለቤቱ መጥቶ ያነሳዋል። ለሌላ ሰው ደግሞ አትለምኚ። ዋሱ እኔ ነኝ። ክንድ የሰበረ እሱ ነው፤ የልጄ ክንድ እስኪድን እሱ ክንድ ይሁነው።»

የዋሸኝ፣ ያላገጠብኝ መሰለኝ። ሐሙስ ግን ቀበሌ ሄዶ ደብዳቤውን አጻፈ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ዱላውን ይዞ ከፊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ላሊበላ ገባን።

ፍርድ ቤት ስሙ ሲጠራ አያ በላይ ቆመ። ዳኛው ደብዳቤውንና መዝገቡን አስተያዩና ቀና አሉ።

«እርስዎ የተጎጂው አባት አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ለከሳሹ ወገን ሳይሆን ለተከሳሹ ዋስ ለመሆን ነው የመጡት? በትክክል ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«አስገድዶ ወይም አባብሎ ያመጣዎት ሰው አለ?»

አያ በላይ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ። «ይችን ልጅ ነው የሚሉኝ? ይች ሰው አታስገድድም» አለ። በችሎቱ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ታዲያ ለምን?»

«ክቡር ዳኛ፣ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ሰው አይደለም የፈለጋችሁ? ከእኔ በላይ እንዳይጠፋ የሚፈልገው ማን አለ?»

አሁን የሳቀ የለም። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ግዴታውን አነበቡለት። አያ በላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። መፍቻው ተጽፎ በእጄ ተሰጠኝ። ያ ማመልከቻ ጸሐፊ ሽማግሌ ከዳሱ ሥር ሆነው «ሰው አገኘሽ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ማን እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ አያ በላይ ግን ቀድሞኝ ወደ ጣቢያው ሲሄድ ተከተልሁት።

ጣቢያው ደርሰን ፖሊሱ «ካሴ፣ ዋስ መጥቶልሃል!» ብሎ ተጣራ። ካሴ ፈገግ ብሎ ወጣ፤ አጎታችንን የሚያገኝ መስሎታል። አያ በላይን ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወደቀ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ ተመልሶ ሊገባ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ና፣ መሽቶብናል» አለው አያ በላይ።

አያ በላይ ፊት፣ ካሴ መሐል፣ እኔ ኋላ ሆነን ተጓዝን። ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አያ በላይ ቀድሞ ተሻገረና ወደ ካሴ ዞሮ ዱላውን ዘረጋለት። ካሴ ዱላውን እያየ ቆመ። ውኃው ጉልበቱን እየመታው ነው፤ እጁን ግን አልዘረጋም። ያ እጅ በዱላ ምን እንዳደረገ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ያዝ እንጂ!» ጮኸ አያ በላይ። «ፈርሜብሃለሁ፣ ውኃ ሊወስድህ ነው?»

ካሴ ዱላውን ያዘ። ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤታቸው ድረስ ወንድሜ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

አጥሩ በር ላይ ድንጋዩ እንደተቀመጠ ነበር። አያ በላይ በጣቱ ብቻ አሳየው። ካሴ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ጫንቃው ላይ አደረገው። ምስጋናው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ካሴን አየው፤ አውርድ ግን አላለውም። ካሴም ቆመ። እኔ ልቆም ስል እትየ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ።

«አንች ድርሻሽን ቆመሻል። ሂጂ፣ አባትሽ ብቻውን ነው።»

ካሴ ቤት የገባው ለዓይን ሲይዝ ነው። ጫንቃው ላይ ጭቃና የድንጋዩ ጠርዝ የሠራው ቀይ መስመር ነበር። አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቀ።

«ምስጋናው አውርድ አለኝ» አለ ካሴ። «አውርድና ሰኞ በሬህን ይዘህ ና አለኝ።»

ሰኞ ካሴ የምስጋናውን ማሳ ዘራ፤ የእኛን ያስከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ዳር ቆሞ ያየው ነበር። የተጣሉበት ድንበር ጋ ሲደርስ ካሴ በሬዎቹን ወደ እኛ ማሳ ጠጋ አደረጋቸውና ከእኛ በኩል ትንሽ መሬት ሳያርስ ተወ። ማንም ተው አላለውም፤ ማንም አድርግም አላለውም። ያች ጠባብ መሬት እስካሁን ሣር ነው የሚበቅልባት።

ክሱ አልቀረም። ካሴ በየቀጠሮው ቀረበ፤ ጥፋተኛም ተባለ። እርቁ ታይቶለት ቅጣቱ ቀለለለት። የዋስትናው ግዴታ በተነሳ ቀን አያ በላይ «ተገላገልሁህ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሬ ሲቸግረው የሚልከው ወደ ካሴ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ አሁንም ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም። ሰው የታሰረበት ጎረቤት ግን ሲቸገር ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም አብሬው ጣቢያና ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ወረቀት እንደጎደለው አይደለም። ወረቀቱን ቀበሌ ይጽፋል። ዋስ እምቢ ሲላችሁ ማንን ፈርቶ እንደሆነ ጠይቁና ወደዚያ ወደተፈራው ሰው ሂዱ። ያዋርደኛል ብላችሁ እንደምትሸሹት አውቃለሁ፤ እኔም ስሸሽ ነው ያደግሁት። እንደ እኔ አያ በላይን ታገኛላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። ሳይሆንላቸው የቀሩም አሉ፤ አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ደጁ ሳይቆሙ መመለስ ግን ከዚያ ይብሳል። የታሰረ ሰው ስንቅ ይዛችሁ ስትሄዱም ሳታፍሩ ቅመሱ። እኔ ዛሬ ተረኛው ሳይጠይቀኝ ቆርሼ እጎርሳለሁ።

ድንጋዩ እስካሁን አያ በላይ ደጅ ነው። መቀመጫ ሆኗል። ባለፈው እትየ ዘነቡን ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ላይ አረፍ ብዬ ስንጫወት ቆየን። ልሄድ ስነሳ በእርጅና የደከመ ዓይናቸውን ወደ እኔ አቀኑና «በይ ደኅና ግቢ» አሉኝ። «ድንጋያችንን ግን ተሸክመሽ እንዳትሄጂ፤ የምንቀመጥበት የለንም።»